መረሳት ፍርድ አይደለም፦ ለ«ምርጥ አሥር ዘፈኖች» የተሰጠ ምላሽ

«የኢትዮጵያ የምንጊዜም ምርጥ አሥር ዘፈኖች» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ዘፈኖቹን ደርድረው ብቻ አልተዉም። ይኼኛው ከዚያኛው ለምን እንደሚቀድም ምክንያታቸውን ጽፈዋል፤ ለዚህ ድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። አንደኛነቱን ለጥላሁን ገሠሠ ሰጥተዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ጥላሁን ከአሥሩ ሦስቱን ይዟል። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» ሦስተኛ ነው። ከሴቶች አስቴር አወቀ ብቻ አለች። አሥረኛው ደግሞ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ዘፈን ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ዝርዝሩ አይደለም። ጸሐፊው «እገሌ ለምን ቀረ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሰው አስቀድመው ያዘጋጁት መልስ ነው። የቀረው ዘፈን የተረሳ ዘፈን ነው ይላሉ፤ የተረሳውም ጊዜ ፈርዶበት ነው። ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት የግርማ በየነን «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ነው። ከወዳጆቻቸው ጋር ቡና እየጠጡ የዘፈኑን ስም ጠሩ፤ አንድም ሰው ሊያንጎራጉረው አልቻለም፤ እሳቸውም ከዝርዝሩ ሰረዙት። ዘፈንን በደረጃ ማስቀመጥ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ሰው የሚወደውን ዘፈን ከሌላው አስበልጦ ሲከራከር ስለ ራሱም ስለ ዘመኑም ብዙ ነገር ያወጣል። መረሳትን የብቃት መለኪያ ማድረግ ግን በሙዚቃችን ታሪክ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን እያነሳሁ እመልሳለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቡናው ጠረጴዛ ልጀምር። የዘፈን ስም ተጠርቶ «ዝፈነው» መባልና የዘፈኑን መግቢያ ሰምቶ «ይኼን አውቀዋለሁ» ማለት በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ልዩነቱ ከሌላው ቦታ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ዘፈንን በርዕሱ የማወቅ ልማድ የለንም። የምናውቀው በአዝማቹ ነው፣ ወይም «ያቺ የማህሙድ፣ ሳክስ የሚገባባት» እያልን ነው። በሸክላው መለያ ላይ የታተመው ርዕስ ሌላ፣ ሙዚቃ ቤቱ በካሴቱ ሽፋን ላይ ያሰፈረው ሌላ፣ ሕዝቡ የሚጠራበት ደግሞ ሌላ የሆነባቸው ዘፈኖች ሞልተዋል። ጸሐፊው በስሙ ፈንታ ዘፈኑን ከፍተው ቢሆን ኖሮ መግቢያው ሳያልቅ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ሰው ባላጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። ርዕሱ ብቻ ቢጠራማ እሳቸው ስምንተኛ ያደረጉትን ዘፈን ስንቱ እንደሚያንጎራጉረው እጠራጠራለሁ።

ደግሞስ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት እነማን ናቸው? ጸሐፊው ራሳቸው እንደነገሩን አብዛኞቹ በካሴት ዘመን ያደጉ እኩዮቻቸው ናቸው። ሰው አጥብቆ የሚይዘው ከአሥራዎቹ ዕድሜው እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ የሰማውን ሙዚቃ እንደሆነ የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተለካው የግርማ ዘፈን አልነበረም፤ የተለካው የተቀማጮቹ የትውልድ ዘመን ነው። አሥር ዓመት የሚበልጧቸው ሰዎች ተቀምጠው ቢሆን ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ «ጊዜ ፈርዷል» ወደሚለው። ጊዜ እንዲፈርድ ዘፈኑ ጊዜው ፊት መቅረብ አለበት። የእኛ ዘፈኖች በምን ተጭነው ወደዚህ ዘመን እንደደረሱ፣ የትኞቹስ በየት በኩል እንደወደቁ ታሪኩ ይታወቃል። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ጨርሶ አልነኩትም።

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ከ1948 ጀምሮ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች በየምሽቱ ሕዝብ እያስጨበጨቡ፣ ዘፈኖቻቸው ግን ከመድረክና ከሬዲዮ አልፈው በሰው እጅ የሚገቡበት ዕድል ጠባብ ነበር። ይህን የሰበረው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነው። ፒያሳ ሐራምቤ ሙዚቃ ቤትን ይዞ የውጭ ሸክላ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ1969 እገዳውን ጥሶ የራሱን ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሲሆን፣ ሕንድ አገር የታተመው 2,000 ቅጂ ነበር። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 ትላልቅ አልበሞች አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ አምሃም አገር ለቆ አሜሪካ ገባ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። የግርማ ዘፈን ያለበት ሸክላ መዳፍ ዘርግተው የሚይዙት ትንሽ ክብ ነው፤ በአንድ በኩል አንድ ዘፈን፣ በሌላው በኩል ሌላ። ለመስማት ማጫወቻ ያስፈልጋል። መርፌው በደነዘዘ ቁጥር መስመሩን ይፍቀዋል፤ ከብዙ ጊዜ ጨዋታ በኋላ ከዘፈኑ ይልቅ መንጫጫቱ ይጎላል። ካሴት ሲመጣ ማጫወቻው ተበላሽቶ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቀለ፣ ሸክላዎቹም ከሥር ተደራርበው ቀሩ። ሙዚቃ ቤቶች ወደ ካሴት የገለበጡት ገበያ ያለውን ነው፤ ገበያ ያለው ደግሞ ዘፋኙ አገር ቤት ሆኖ የሚዘፍን፣ አዲስ የሚያወጣ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ሰው ሥራ ነው። የገለበጡትም ከሸክላው ነውና የሸክላው መንጫጫት አብሮ ተገለበጠ። ከካሴት ወደ ካሴት ሲተላለፍ ድምፁ እየደበዘዘ ሄደ። ብዙው ዘፈን የወደቀው እዚህ ላይ ነው። አድማጩ ሰምቶ አልጣለውም፤ እጁ አልገባም።

የሰዓት እላፊው ደግሞ አለ። በአብዮቱ ማግስት የታወጀው ገደብ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ እየላላና እየጠበቀ ዘለቀ። ምሽት ሲሞት የምሽት ክበብ ይሞታል፤ የምሽት ክበብ ሲሞት ባንድ ይበተናል። ታላላቅ ሆቴሎች ውስጥ የቀሩት ባንዶች በሩ ተቆልፎ እስኪነጋ ሲጫወቱ ያደሩበት ዘመን ነበር፤ እዚያ የሚገባው ሰው ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው። ዘፈን በየዕለቱ ከሚጫወቱት ሰዎች ጋር ነው የሚኖረው። ወጣት ዘፋኝ ከትልቁ የሚማረው፣ የትልቁንም ዘፈን በራሱ ድምፅ የሚያድሰው መድረክ ላይ ነው። መድረኩ ሲጠፋ ዘፈኑን ለተከታዩ የሚያቀብል ሰው ጠፋ።

በመጨረሻ የሰዎቹን ሕይወት እንይ። ጥላሁን እስከ 2009 ሞቱ ድረስ ዘፋኝ ሆኖ ኖረ፤ በመንግሥት ደረጃ ነው የተቀበረው። ማህሙድም ለዓሠርት ዓመታት መድረክ ላይ ቆየ። እነዚህ ዘፈኖቻቸውን እንደ ልጅ እጅ ይዘው ከዘመን ወደ ዘመን አሻገሩ። ሙሉቀን መለሰ ግን በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ገባ፣ ኑሮውንም አሜሪካ አደረገ፤ «ሄደች አሉ»ን ከሱ አፍ ዳግም በመድረክ የሰማ የለም። ሒሩት በቀለም እንዲሁ ዘፈኑን ትታ መዝሙር መረጠች። ምርጫቸውን አከብራለሁ። ምርጫው ግን በዘፈኖቹ መታወስ ላይ ያመጣው ለውጥ ከዘፈኖቹ ጥራት ጋር ምንም አያገናኘውም። ሙሉቀን በ2024 ያረፈ ሰሞን ዘፈኖቹ ከየስልኩ ሲፈስሱ የሰማ ሰው ተረስተው እንደነበር ማመን ይቸግረዋል።

ግርማ በየነም ከዚሁ ወገን ነው። በፒያኖና በማቀናበር የሌሎችን ዘፈን ሲያሳምር ኖሮ ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጻቸው ከአንድ እጅ ጣት አያልፉም። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ርቆ ኖረ። ያ ዘፈን ከአንዲት ትንሽ ሸክላ ሌላ የሚሸከመው አልነበረውም። ጸሐፊው «ተረሳ» የሚሉት ይህን ነው። ሆኖም በ2017 ግርማ «አካሌ ውቤ» ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ ያቺን ዘፈን እንደገና ተጫወታት፤ ከወጣት አድማጭም ጋር አስተዋወቃት። ጊዜ የፈረደባት ዘፈን ብትሆን ኖሮ እንዲህ አትነሳም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የኃይሉ መርጊያ ነገር «ጊዜ ፈርዷል» የሚለውን ከሥሩ የሚነቅል ይመስለኛል። ኃይሉ የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች ነው። እሱም በ1981ዱ ጉዞ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ሙግና ሮድስ ከሚባሉት ኪቦርዶችና ከኤሌክትሮኒክስ ከበሮ ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ የልጅነቱን የአኮርዲዮን ድምፅ መመለስ ነው የፈለገው። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፣ ተሸጠ፣ ከዚያም ከገበያ ወጣ። ኃይሉ መድረክ ትቶ ታክሲ መንዳት ያዘ። ደንበኛ እየጠበቀ ከመኪናው ኋላ ያስቀመጠውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ባሕር ዳር አንድ የካሴት ሱቅ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት አገኘው። በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ ኃይሉም በዓለም መድረኮች መዞር ጀመረ። በ2018 እና በ2020 ደግሞ አዳዲስ አልበሞች አወጣ።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አለ። በ2012 ዝርዝር ቢያወጡ ኖሮ ይህን ካሴት «ጊዜ የፈረደበት» ብለው ይጥሉት አልነበረም? በ2014 ቢያወጡትስ? በሁለቱ ዓመታት መካከል ዜማው አልተለወጠም፣ አኮርዲዮኑም ያው ነው። የተለወጠው ካሴቱ ከመደርደሪያ መነሳቱ ብቻ ነው። ያ ሰው በሌላ ሱቅ በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ተረስቶ ይገኝ ነበር። ፍርድ እንዲህ በአጋጣሚ የሚገለበጥ ከሆነ ፍርድ አንበለው።

ደግሞም ጊዜ ይፍረድ ያሉት ጸሐፊ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ዘፈን አሥረኛ አድርገውታል። ለዚህኛው ጊዜ መቼ ፈረደለት? ምክንያታቸው የዩቲዩብ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ሕዝብ መርጧል ማለት ነው ባይ ናቸው። ዩቲዩብ የተፈጠረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ዘፈን እዚያ የገባው አንድ ወዳጁ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ስለጫነው ነው። አንዱ ዘፈን በአምስት ሰው አምስት ጊዜ ይጫናል፣ በአምስት የተለያየ ርዕስ፣ አንዳንዴም በሌላ ዘፋኝ ስም፤ ተመልካቹም ለአምስት ይከፈላል። አዲሱ ዘፈን ግን በአንድ ቻናል፣ በታወቀ ቀን፣ ከማስታወቂያ ጋር ይወጣል። አንድ ካሴት ከጎረቤት ጎረቤት እየተዋሰ ስንት ቤት እንደዞረ፣ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ሲከፈት አሥራ ሁለት ሰው እንደሰማው፣ የጠጅ ቤቱ ቴፕ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጫውት ስንት ጆሮ እንደገባ የቆጠረ የለም። እነዚያ አድማጮች በጸሐፊው ሂሳብ ዜሮ ናቸው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው ዜሮ የተባሉት።

ቀጣዩ ነጥባቸው ግማሽ እውነት አለበትና በጥንቃቄ ልየው። «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው ፈረንጆች የፈጠሩት ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ባያሳትሟቸው እነዚህን ሸክላዎች ማን ያነሳቸው ነበር ይላሉ። ፋልሴቶ ትልቅ ሥራ እንደሠሩ አያጠያይቅም፤ ብዙ ሸክላ ከመጥፋት አድነዋል። ዘመኑን ግን እሳቸው አልፈጠሩትም። ጸሐፊው ራሳቸው ሦስተኛ ያደረጉት «እሬ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተቀርጾ በካይፋ ሪከርድስ የወጣው በ1975 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የታተመው በ1986። በመካከሉ ላሉት አሥራ አንድ ዓመታት ያንን ዘፈን ሲሰማ፣ ሲጨፍርበት፣ በሰርግ ሲያዘፍነው የኖረው ማን ነበር? አዲስ አበባ ነው፣ ድሬዳዋ ነው፣ ጎንደር ነው። ፈረንጁ የሰማው እኛ ወደንለት ነው።

እውነት የሆነው ግማሽ የት ላይ ነው? ተከታታዩ አልበም አብዝቶ ያተኮረው ሸክላ በታተመባቸው ጥቂት ዓመታት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የክብር ዘበኛ ዘመን የሬዲዮ ቅጂ፣ ከዚያ በኋላም በካሴት የወጣው የሮሃ ባንድ ዘመን በዚያ መስኮት በኩል ብዙም አይታይም። በመሆኑም የውጭ አድማጭ ግርማን ሲያውቅ የሰማንያዎቹን የካሴት ከዋክብት አያውቅም፤ የእኛ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይህን እስማማለሁ። ከዚህ የሚከተለው ግን ሁለቱንም መፈለግ ነው እንጂ የሸክላውን ዘመን «የፈረንጅ ምርጫ» ብሎ መተው አይደለም።

ስለ መሣሪያ ሙዚቃ የጻፉት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያስቆጨኝ እሱ ነው። ግጥም የሌለው ዘፈን ስላልሆነ አይወዳደርም ይላሉ። የዋልያስ «ሙዚቃዊ ስልት» የቀረው በዚህ ነው፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው»ም እንዲሁ።

ሙዚቃዊ ስልት በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበም ውስጥ ያለ ሥራ ነው፤ በድርሰቱ የግርማ በየነ ስም ይነሳል። በዚያው አልበም ላይ ሙላቱ በቫይብራፎኑ ተሳትፏል። አንድ ጊዜ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠው ሰው፦ ቤዙና ከበሮው መሬቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አጭር ሐረግ አንድ ላይ ያወጣሉ፣ ይመልሷታል፣ እንደገና ያወጧታል፤ የኃይሉ ኦርጋን ከሥር እየተሽሎከለከ ያጣድፋታል። የሆነ ነገር ሊመጣ ነው የሚል ስሜት ይዞ ይጀምራል፣ ያ ስሜት ሳይፈታ ያልቃል። አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ትታመስ በነበረበት ዓመት የወጣ ሙዚቃ መሆኑን ሳስብ ቃል ባይኖርበት አይገርመኝም። በዚያን ጊዜ በቃል ሊባል የሚችለው ጥቂት ነበር፤ በሳክስና በኦርጋን ግን ይባል ነበር። ይህን ከውድድር ማውጣት የዚያን ዘመን ሰው ምን ይሰማው እንደነበር ከሚነግሩን ጥቂት ምስክሮች አንዱን ማባረር ነው።

በተግባርም ስናየው ሕዝቡ ግጥም ያለውንና የሌለውን ለይቶ አልወደደም። ሬዲዮኖቻችን ለዓመታት የፕሮግራም መግቢያና መሸጋገሪያ ያደረጉት የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ስሙን ሳናውቅ ዜማውን የምናውቀው ስንቱ ነው! በውጭም ቢሆን «የከርሞ ሰው» በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ገብቶ በዓለም ተሰምቷል። የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ደግሞ ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ በ2010 ወስደው አዲስ ዘፈን ሠርተውበታል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉድለት አለ። በጽሑፉ ውስጥ ከዘፋኞቹ ሌላ የአንድም ሰው ስም የለም። ዘፈን በእኛ አገር ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ተብሎ በሦስት የሚሠራ ነገር መሆኑን የካሴት ሽፋን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ጥላሁንን ስናነሳ የዜማ ደራሲውን ሳህሌ ደጋጎን አለማንሳት እንዴት ይቻላል? ሙሉቀን የዘፈናቸውን ግጥሞች ስናደንቅ ዓለምፀሐይ ወዳጆን? «እሬ መላ መላ» ላይ የማህሙድ ድምፅ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ያ ዘፈን እንደዚያ የሚያስኬደው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝና የሰላም ሥዩም ጊታር ነው። የአይቤክስ ልጆች ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነው፣ ከኪቦርዱ ከዳዊት ይፍሩ ጋር፣ የሰማንያዎቹን ካሴቶች አብዛኛውን አጀቡ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፊት ይለያያል፣ ከኋላ ያለው እጅ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ማነው የተረሳው ካልን በመጀመሪያ የተረሱት እነዚህ ናቸው፤ «ምርጥ አሥር» የሚል ጽሑፍ በወጣ ቁጥርም እንደገና ይረሳሉ።

ስለ ርዕሱ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። «የኢትዮጵያ» ተብሎ አሥሩም ዘፈኖች የአማርኛ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን የተነሳውን፣ በኦሮምኛም በሐረሪኛም በአማርኛም የዘፈነውን ዓሊ ቢራን የማያስገባ ዝርዝር «የአማርኛ» ቢባል ምንም አይጎድልበትም፤ «የኢትዮጵያ» ከተባለ ግን ይጎድለዋል።

ጸሐፊው መስፈርት ከወጣለት ደረጃ አይናወጥም ይላሉ፤ ምሳሌያቸው የአሜሪካው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የ500 ዘፈኖች ዝርዝር ነው። ምሳሌው ራሱ ይመሰክርባቸዋል። መጽሔቱ በ2004 አንደኛ ያደረገው የቦብ ዲላንን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ነበር። በ2021 እንደ አዲስ ድምፅ ሲያሰባስብ አንደኛ የሆነው አሬታ ፍራንክሊን የዘፈነችው «ሪስፔክት» ነው፤ ፊት አምስተኛ ነበረ። ዲላን አራተኛ ሆነ። ሁለቱም ዘፈኖች በስልሳዎቹ የወጡ ናቸው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ኖታ አልተነካችም። የተቀየሩት መራጮቹ ናቸው፦ ወጣቶች ገቡ፣ ሴቶች ገቡ፣ የሂፕ ሆፕና የሌላ ስልት ሰዎች ገቡ። ደረጃ የሚነግረን ማን እንደተጠየቀ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ የኬት ቡሽ የ1985 ዘፈን አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ስላነሳው ብቻ በ2022 አንደኛ ወጥቷል፤ ሲወጣ ሦስተኛ ነበረ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ «ጊዜ ፈርዶበት» ነበር ማለት ነው?

እንግዲህ መተቸት ብቻ እንዳይሆን የኔንም ላስቀምጥ። ጥላሁን አንደኛ ይሁን፤ ግን ከሦስቱ አንዱ ይበቃል፤ እኔ የማስቀረው በወሎ ረሃብ ዘመን አገር ያስለቀሰውን «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ነው። የማህሙድ ሦስተኛነት አይነካም። ከጥላሁን በተለቀቁት ሁለት ቦታዎች አንዱን፣ አራተኛውን፣ ለ«ሙዚቃዊ ስልት» እሰጣለሁ፤ ሌላውን ስድስተኛውን ለሙሉቀን «ሄደች አሉ»። አሥረኛውን አዲስ ዘፈን ለጊዜው አውጥቼ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን አስገባለሁ። አዲሱን ጠልቼው አይደለም፤ ጥሩ ዘፈን ነው፣ ደጋግሜም ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን እሱን ዛሬ ሚሊዮኖች በኪሳቸው ይዘውታልና ማንም አይጥለውም፤ የግርማ ሸክላ ግን አንድ ሰው «ይኼን ስሙት» ካላለላት የምትናገርበት አፍ የላትም።

ሰባተኛው ላይ ገና አልወሰንኩም። ያ ቦታ የሴት መሆን እንዳለበት እርግጠኛ ነኝ፤ አስቴር ብቻዋን ያን ሁሉ ዘመን ልትወክል አትችልም፣ ሊጫንባትም አይገባም። የክብር ዘበኛዋ ብዙነሽ በቀለ ናት ወይስ የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ሒሩት በቀለ? የብዙነሽ ድምፅ ከታች ሲነሳ ሌላ ነገር ሁሉ ያስረሳኛል፤ የሒሩት ደግሞ ዜማውን ሳትጨነቅ ከፍ አድርጋ ስትይዘው ማን እንደሚስተካከላት አላውቅም። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ከሁለቱ አንዷን መርጠው ምክንያታቸውን ቢጽፉልኝ ሌላኛዋን ይዤ ልከራከራቸው ዝግጁ ነኝ፤ ወዳጆቻቸውንም ቡና ላይ ይሰብስቡልኝ፣ በዚህኛው ግን የዘፈን ስም አይጠራም፤ ዘፈኑ ይከፈታል።